ከጎተራው የተረፈው አሥራ አንድ ቁና

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ በሚበረታበት በአንድ ጫካ ውስጥ፣ እናቶች ለግጦሽና ለአደን ሲወጡ ልጆቻቸውን የሚያውሉበት ትልቅ ክብ ቤት ነበረ። ቤቱ የሁሉም ነበር። ጠባቂው አያ አንበሶ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ያለን ልጅ ማንም እንዳይነካ ሁሉንም አስምሎ ስለነበር፣ የፍየሏ ግልገልና የነብሯ ደቦል በአንድ ጣራ ሥር ጎን ለጎን ያንቀላፉ ነበር።

የቤቱ ጣራ የሰንበሌጥ ሣር ክዳን ነው። የሣር ክዳን ደግሞ በየዓመቱ ካልታደሰ ውሃ ያስገባል። በዚያ ጫካ ጣራ መክደን የምታውቅ ዳለቻ የምትባል አንዲት አህያ ብቻ ነበረች። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ውርንጭላዋን የምታሳድገው በዚሁ ሥራ ነበር። በጥር ቆሞ የደረቀውን ሰንበሌጥ ታሳጭዳለች፤ ከዚያ አሮጌውን ክዳን አውርዳ ትጥላለች፤ አዲሱን በሦስት ድርብ ትከድናለች። ለድካሟ ከአያ አንበሶ ጎተራ ሃያ ቁና ገብስ ይሰፈርላታል።

ሃያ ቁና ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። አምስቱ ግን ከዛፍ ላይ ልጥ ልጣ ለምታመጣላት ለጦጣ ነው፤ ሣሩ ከማገሩ ጋር የሚታሰረው በልጥ ነውና። አምስቱ ሣሩን ለሚያጭዱላት ለሁለት ጥንቸሎች ነው። በቀረው አሥር ቁና እሷና ልጇ ክረምቱን እንደ ምንም ይወጡበታል። ከዚያ የሚተርፍ ነገር አልነበረም። ዳለቻም ተረፈኝ ብላ አታውቅም፤ ጎደለኝም ብላ አታውቅም። እግዜር ይመስገን ብላ ትኖር ነበር።

አንድ ዓመት በጎተራውና በግዥው ላይ እመት ቀበሮ ተሾመች። በተሾመች በሳምንቱ እንስሳቱን ሁሉ ሰብስባ እንዲህ አለች፦

«ከእንግዲህ ሥራ የሚሰጠው በጨረታ ነው። ሥራውን የሚፈልግ ሁሉ በሚጠይቀው ቁና ልክ ጠጠር ቆጥሮ ቅል ውስጥ ይጨምር፤ አፉን በሰም ያሽግ። ቅሉ በሁላችሁ ፊት ይከፈታል። ጠጠሩ ያነሰ ያሸንፋል። አድልዎ የለም፣ ሹክሹክታ የለም!»

«መልካም ነው» አሉ እንስሳቱ። መልካምም ይመስል ነበር።

ነገር ግን ጣራ የምትከድነው ዳለቻ ብቻ ከሆነች ቅሉም አንድ ብቻ ይሆናል። አንድ ቅል ብቻ ከመጣ ደግሞ ዋጋ አይወርድም። እመት ቀበሮ ይህን አስባ ወደ ጅብ ዋሻ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ነገ ቅል ይዘህ አደባባይ ና።»

«ባዶውን ነው ወይስ የሚበላ ያለበት?»

«ጠጠር ያለበት።»

«ጠጠርማ አይበላም፣ እመት ቀበሮ። ሞክሬዋለሁ።»

«ማን ብላው አለህ! ትንሽ ጠጠር ጨምረህ፣ አሽገህ ታስረክበኛለህ። እኔ እከፍተዋለሁ። አንተ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። አለቀ። ለድካምህ አንድ ቅልጥም አለልህ።»

«ለዚህማ ሁለት ቅል አመጣለሁ!» አለ ጅብ፣ ምራቁን እየዋጠ።

በማግሥቱ አደባባዩ ሞላ። እመት ቀበሮ የዳለቻን ቅል ከፈተችና ጠጠሩን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ሃያ። ቀጥላ የጅብን ቅል ከፈተች። ጅብ ጠጠር መልቀሙ ሰልችቶት ስለነበር አራት ብቻ ነበር።

«አራት!» ብሎ ሕዝቡ አጉረመረመ። «ጅብ በአራት ቁና የሚሠራውን ይቺ አህያ ስንት ዓመት በሃያ ስትበላን ኖራለች?»

ዳለቻ ይህን ስትሰማ ጆሮዎቿ ወደ ታች ወረዱ። ሠርታ እንጂ ሰርቃ የበላች አይመስላትም ነበር። አሁን ግን ሁሉም ዞሮ ሲያያት፣ ያላጠፋችው ጥፋት እንደ ተገኘባት ሆነባት።

እመት ቀበሮ በአደባባዩ ዳር ወዳለው ዋርካ ሥር ገለል አድርጋ አነጋገረቻት።

«እህቴ ዳለቻ፣ ምን ይሻላል? ሕጉ ትንሹን ይላል።»

«እመት ቀበሮ፣ እርስዎም ያውቃሉ፤ አያ ጅቦ ጣራ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ልጆቹ ላይ ይወድቃል እኮ!»

«አውቃለሁ። ሠርቶ አያውቅም ብዬ ልጥለው እችላለሁ። ግን የአንቺ ሃያ ነው፣ የሱ አራት ነው። ለአያ አንበሶ በምን አፌ ልንገራቸው? አንቺም ትንሽ አግዢኝ እንጂ። ዘጠኝ በይና ሥራው ያንቺ ይሁን።»

«ዘጠኝ? ኧረ እመቤቴ፣ ለልጡና ለአጫጆቹ ብቻ አሥር ይወጣል!»

«እንግዲያው አያ ጅቦ ይሥራው» አለች እመት ቀበሮ፣ ጅራቷን አዙራ። «ያንቺ ውርንጭላ ዘንድሮ ምን እየበላ እንደሚከርም ግን እንጃ።»

ዳለቻ መሬት መሬት አየች። ዘንድሮን ብትለቅ ከርሞ ማን ይጠራታል? ሥራውን ይዤ ልቆይ፣ ለከርሞ እነሱም ያስቡልኛል ብላ ራሷን አባበለች። ደግሞም የሕዝቡ ማጉረምረም ገና ከጆሮዋ አልወጣም ነበር።

«ዘጠኝ ይሁን» አለች።

እመት ቀበሮ ወደ አደባባዩ ተመልሳ፣ «አያ ጅቦ ለሥራው አዲስ ስለሆኑ ቀርተዋል፤ እመት ዳለቻ ግን ዋጋዋን ወደ ዘጠኝ አውርዳለች! ከጎተራው አሥራ አንድ ቁና ተረፈ!» ብላ አወጀች። ሕዝቡ አጨበጨበ። አያ አንበሶም ጎፈሩን ነቅንቆ፣ «እንዲህ ያለ ሹም ነው የጠፋው!» አለ። ለጅብ ቅልጥሙን ያስታወሰለት አልነበረም።

ዳለቻ ወደ ሥራዋ ገባች። ከጦጣ የምትገዛው ልጥ በየዓመቱ አምስት ሸክም ነበር፤ ዘንድሮ የሁለት ቁና ብቻ ሁለት ሸክም ገዛች። ጥንቸሎቹን፣ «ዘንድሮ አልችልም፣ ይቅር በሉኝ» ብላ አሰናበተቻቸው። እነሱም ቅር ብሏቸው ሄዱ። ሣሩን ብቻዋን በጥርሷ ስታጭድ ድዷ ደማ። ሚያዝያ ሲገባ የደረሰላት ሣር ለአንድ ድርብ እንኳ አይበቃም ነበር።

ዘጠኙን ቁና በልቧ አሥር ጊዜ ቆጠረችው። ለልጡ ሁለት ወጣ፤ ሰባት ቀረ። ሰባቱን አጫጅ ብትቀጥርበት ልጇ ይራባል። ለልጇ ብታስቀምጠው ጣራው ይጎድላል።

ከዚያ አድርጋ የማታውቀውን አደረገች። አውርዳ የጣለችውን፣ ከሥሩ የጠቆረውን የአምና ክዳን መልሳ አነሣችው። እሱን ከሥር ዘረጋችው። አዲሱን ወርቅ የመሰለ ሰንበሌጥ ከላይ በስሱ አለበሰችው። በሦስት ቦታ ይታሰር የነበረውን በአንድ ቦታ አሰረችው።

እመት ቀበሮ ሥራውን ልትረከብ መጣች። ጣራው ላይ አልወጣችም። እጇንም ሰድዳ አልዳሰሰችም። ከሩቅ ቆማ ቀና ብላ አየች። አዲሱ ሣር ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል።

«አየሽ?» አለች ፈገግ ብላ። «በዘጠኝም ይሠራል ማለት ነው። ለከርሞ ደግሞ ሰባት እንሞክራለን።»

ዳለቻ ቀበሮዋ ጣራውን ትዳስሰዋለች ብላ ፈርታ ነበር። ሳትዳስሰው ስትቀር ግን ደስ አላላትም። ገብሱን ተቀብላ በጎን በኩል ባለው መንገድ ሄደች፤ በአደባባዩ ማለፍ አፈረች።

ሰኔ ግም ሲል ጫካው በሙሉ ዝናብ ለመነ። ሣር የሚበላው ሁሉ፣ «አብዛልን» ይል ነበር። ዳለቻ ብቻ፣ «ጌታዬ፣ ዘንድሮን ብቻ አቅልልን» አለች። ጸሎቷ ግን ራሷን መረራት፤ የጎረቤቶቿን ሣር ቀንስ ብላ መለመኗ መሆኑ ገብቷታል። ከዚያ ወዲያ መጸለይም አፈረች።

በሐምሌ አንድ ጠዋት ተራራው ላይ ጥቁር ደመና ተከመረ። እናቶች እንደ ወትሮው ልጆቻቸውን ወደ ክቡ ቤት ያመጡ ጀመር። እመት ፍየልም ሙጭሊት የምትባለውን አንድ ፍሬ ግልገሏን ይዛ ስታልፍ ዳለቻን በደጇ አገኘቻት።

«እንዴት አደርሽ እህቴ? ውርንጭላሽን አታመጪውም?»

«እግዜር ይመስገን» አለች ዳለቻ። ደመናውን አየች። ሙጭሊትን አየች። «እግሩን... ትንሽ አሞታል። ዛሬ ይቅር።»

«እግዜር ይማረው!» ብላ እመት ፍየል ሄደች።

ዳለቻ ፍየሏ ከጉብታው ጀርባ እስክትጠፋ ድረስ ቆማ አየቻት። ልትጠራት የምትችልበት ጊዜ ነበረ። አልጠራቻትም። ውርንጭላዋ ከኋላዋ ቆሞ፣ «እማዬ፣ እኔን እኮ አላመመኝም» አላት።

ከቀትር በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። አዲሱ ሣር ስስ ነበርና ውሃው ወዲያው አለፈው። አሮጌው ሣር ውሃውን ጠጥቶ ከበደ፤ አንዱ ልጥ ተበጠሰ፤ ቀጥሎ ሌላው። የጣራው እኩሌታ ከነጭቃው ልጆቹ ላይ ተዘረገፈ። እግዜር አውጥቷቸው የሞተ አልነበረም። ግን እናቶች እስኪደርሱ ድረስ ልጆቹ በበረዶው ሲደበደቡ ቆዩ። ሙጭሊትን ከእርጥቡ ሣር ሥር ጎትተው ሲያወጧት መንቀጥቀጥ እንኳ አቅቷት ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አያ አንበሶ ጉባኤ ጠራ። ሁሉም ተቆጥቷል። ማን ላይ እንደሚቆጣ ግን ገና አላወቀም።

«ልጡን የበላው ጅብ ነው!» አለ አንድ ዝንጀሮ። «ሌላ ማን ሊሆን ይችላል!»

«ጅብ ነው! ጅብ ነው!» አሉ ሌሎቹ። ነገሩ ለሁሉም ቀላል ሆነላቸው።

«እኔ?» አለ ጅብ ዓይኑን አፍጥጦ። «ልጥ በላ? ልጥ እኮ የዛፍ ነው፣ የበሬ አይደለም! ደግሞስ በልቼ ቢሆን ሆዴ እንዲህ ይጮህ ነበር? ኑና ስሙት!»

«ከጫካው ይባረር!» አሉ።

ዳለቻ ከሁሉም ኋላ ቆማ ነበር። ዝም ብትል ነገሩ በጅብ ያልቃል። ጅብ ደግሞ ስንት ጥፋት አለበት፤ አንድ ቢጨመርበት ማን ያውቃል? እንዲህ እያሰበች ሳለ እመት ፍየል ቀስ ብላ አጠገቧ መጣች። ዓይኗ በዕንባ አብጧል።

«እንኳን ያንቺ ልጅ ቀረ፣ እህቴ» አለቻት። «እግሩን ያሳመመው እግዜር ነው፤ ሊያተርፈው ፈልጎ። ለኔዋም ጸልይላት። ስታስል ነው ያደረችው።»

ብትሰድባት ይሻል ነበር። ብትረግጣትም ይሻል ነበር። ዳለቻ ይህን መልካም ቃል ስትሰማ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። እግሮቿ ግን ወደ መሐል ወሰዷት።

«ጅቡን ተዉት» አለች። «ጣራው የፈረሰው በኔ ነው።»



«ምን አልሽ?» አለ አያ አንበሶ።

«ከሥር የዘረጋሁት የአምናውን የበሰበሰ ሣር ነው። አዲሱን ከላይ ብቻ በስሱ አለበስኩት። ልጡንም አሳነስኩት። በዘጠኝ ቁና ሥራው አልደርስልሽ አለኝ፤ አልደረሰም ብዬ ግን ለማንም አልተናገርኩም።»

እመት ቀበሮ ቀልጠፍ ብላ ተነሣች። «ሰማችሁ? እኔ የበሰበሰ ሣር ክደኚ አልኳት? ዘጠኝ ያለችው በገዛ አፏ አይደለም?»

«በገዛ አፌ ነው» አለች ዳለቻ፣ ቀና ሳትል።

አያ አንበሶ ወደ ጅብ ዞረ። «አንተ ደግሞ፣ ጣራ ከድነህ የማታውቅ፣ አራት ጠጠር ያስገባኸው ምን አስበህ ነው?»

«ቅልጥሙን አስቤ ነዋ!»

«የምን ቅልጥም?»

«እመት ቀበሮ ጠጠር ይዘህ ና፣ ከዚያ ወደ ቤትህ ሂድ ብላ ቃል የገባችልኝ ቅልጥም። እኔማ ጣራ ክደን አልተባልኩም። እንዲያውም እስካሁን አልሰጠችኝም፣ ጌታዬ! እሷን ያባርሩልኝ!»

ማንም አልሳቀም። እመት ቀበሮ ጅራቷን ከእግሮቿ መሐል ሸጎጠች። «እኔ... ለጎተራው ብዬ ነው» አለች ድምፅዋ አንሶ።

«ጎተራው ውስጥ ስንት ተረፈ ብለሽ ነበር?» አላት አያ አንበሶ።

«አሥራ አንድ ቁና።»

«እንግዲያው አሥራ አንዱን ቁና አምጪና ውሃ በገባበት በኩል ድፈኚው!»

ይህን ብሎ ሊያገሣ አፉን ከፈተ። ግን አላገሣም። ያን ዕለት ጎፈሩን ነቅንቆ፣ እንዲህ ያለ ሹም ነው የጠፋው ያለው ራሱ እንደሆነ ትዝ አለው። ሕዝቡም ያጨበጨበው ትዝ አለው። አንዱ አንዱን ላለማየት ሁሉም መሬት መሬት አየ። ሃያ ቁና ሲሰፈርላት የኖረችውን አህያ፣ ሃያው ለምን ለምን እንደሚሆን አንድም ቀን የጠየቃት አልነበረም።

እመት ፍየል ብቻ ዳለቻን አየቻት።

«ልጅሽን ያስቀረሽው አውቀሽ ነበር?» አለቻት።

ዳለቻ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ገብሱ አነሰሽ፣ እሺ። ሣሩ አልደረሰልሽም፣ እሺ። እናት ነሽ፣ ይገባኛል። ግን በደጅሽ ሳልፍ፣ ‹ያንቺንም አስቀሪ› ለማለት ስንት ቁና ይጠይቅሽ ነበር?»

እስከ ዛሬም ለዚህ ጥያቄ መልስ አልተገኘለትም።

አያ አንበሶ አዲስ ሥርዓት አወጣ። ከዚያ ወዲያ ቅል ሲከፈት ባለቤቱ ጠጠሩን አንድ በአንድ እያነሣ፣ ይህ ለልጥ ነው፣ ይህ ለአጫጅ ነው፣ ይህ ለልጆቼ ነው እያለ በሁሉም ፊት እንዲናገር ተደረገ። በዝቶም ሆነ አንሶ፣ ምክንያቱን መናገር ያቃተው ቅሉን ይዞ ይመለስ ነበር። ሥራ የሚረከብ ሹምም ጣራው ላይ ወጥቶ ሳይዳስስ እንዳይረከብ ተባለ። እመት ቀበሮ ያንን የበሰበሰ እርጥብ ሣር በጀርባዋ እየተሸከመች ከቤቱ አወጣች።

ለዳለቻ የቀረው አሥራ አንድ ቁና እንዲሰጣት ተፈረደ። ጣራው ግን ነገ ዛሬ የሚባል አልነበረም። በሐምሌ ደግሞ ደረቅ ሣር ከየት ይመጣል? ጫካው ሁሉ ረጥቧል። ዳለቻ ማንንም ሳታማክር ወደ ቤቷ ሄደች፤ የገዛ ጎጆዋን ክዳን ማውረድ ጀመረች። ለራሷ በደህናው ጊዜ የከደነችው በመሆኑ ከላዩ ቢረጥብም ውስጡ ደርቆ የተቀመጠ ጥሩ ሰንበሌጥ ነበር። ከላይ የረጠበውን እየለየች፣ ደረቁን በጀርባዋ ተሸክማ ወሰደችው። ጦጣ ሳትጠራ ልጥ ይዛ መጣች። የተሰናበቱት ጥንቸሎችም መጥተው አቀበሏት። ክቡ ቤት በሦስት ቀን ተከደነ፤ በሦስት ድርብ። እሷና ልጇ ያን ክረምት የተኙት አንድ የድንጋይ ጥግ ሥር ነው።

ሙጭሊት ዳነች። ደረቷ ግን ብርድ በመጣ ቁጥር ያፍናት ነበር።

ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ዳለቻ ውርንጭላዋን በየጠዋቱ ከሁሉም ቀድማ ታመጣው ነበር። እመት ፍየልም ልጇን አቅፋ ከበሩ ራቅ ብላ ትቆማለች። ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ «እንዴት አደርሽ?» «እግዜር ይመስገን» ይባባላሉ። ነገር ግን ፍየሏ የዳለቻ ልጅ ወደ ቤቱ መግባቱን በዓይኗ ሳታይ ሙጭሊትን አታስገባም ነበር። ዳለቻም ይህን ታውቃለች። ልጇን ታስገባና፣ አንገቷን ደፍታ፣ ፍየሏ እንድታልፍ መንገዱን ትለቅላታለች።

ከዚህ የምንማረው፣ የሰውን የሥራ ዋጋ ከልኩ በታች አውርዶ ተረፈልኝ የሚል ገዢ የተረፈውን በሌሎች ልጆች ላይ እንደሚያስከፍል፣ ተጎድቶ ሥራውን ያጎደለ ሠራተኛም ጉድለቱን በጊዜው ካልተናገረ ዋጋው ቢመለስለት እንኳ ያጣው አመኔታ ቶሎ እንደማይመለስለት ነው።